የቤተሰብ ዐምድ፦ መብራት ሲጠፋ

በአማርኛ የኤሌክትሪክ ኀይል ሲቋረጥ «መብራት ጠፋ» ወይም «መብራት ሄደ» እንላለን። ጊዜው እኩለ ቀን ቢኾን፣ በቤቱም አንድ አምፑል እንኳ ባይበራ፣ አነጋገሩ አይለወጥም። አማርኛ በመማር ላይ ያሉ የመሥሪያ ቤት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በዚህ ቢደነቁ አይፈረድባቸውም። በካርቱም የኖረ ሰው ግን ከሚጠፋው ነገር ኹሉ የሚቀለው አምፑሉ መኾኑን ያውቃል። ቬንቲሌተሩ ይቆማል፤ ውሃ ወደ ሰገነት የሚስበው ሞተር ዝም ይላል፤ በማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ምግብና መድኀኒት መሞቅ ይጀምራል።

በዚህ ሳምንት ስለ ቤት ጀኔሬተር አመራረጥ ለመጻፍ ያሰብነው ስለዚህ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የሱዳን ትልቁ የውሃ ኀይል ማመንጫ በ2009 የተመረቀው የመረዌ ግድብ ነው። ዐሥር ተርባይኖች ሲኖሩት፣ ኹሉም ሲሠሩ እስከ 1,250 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። ይኹን እንጂ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት የካርቱም ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ የኀይል ፍላጎት ከፍ ይላል፤ ጥቁር ዐባይ ደግሞ ክረምቱ ገና ስላልገባ በዚያው ወራት ይጐድላል። በዚህም ላይ ደቡብ ሱዳን በ2011 ስትለይ አብዛኛው የነዳጅ ጕድጓድ ከርሷ ጋራ ሄደ። በ2021 የበጋ ወራት የመብራት መቋረጥ የየዕለት ነገር ኾኖ ነበር።

በዚያው ዓመት እኛም በካርቱም ሳለን ተሳስተናል፤ ስሕተታችንንም ለሌላው ትምህርት ይኾን ዘንድ እንናገራለን። በቤታችን የስኳር ሕመም ያለባቸው እናታችን ነበሩ፤ ኢንሱሊናቸውም በማቀዝቀዣው ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ከገበያ «1,000» የሚል ቍጥር በጐኑ የተጻፈበት አነስተኛ ጀኔሬተር ገዛን። ማቀዝቀዣው 150 ዋት፣ ሦስቱ ቬንቲሌተሮች 225 ዋት፣ አምፑሎቹ 50 ዋት፣ ቴሌቪዥኑ 80 ዋት፤ ድምሩ 505 ዋት ብቻ በመኾኑ ግማሹ ይተርፈናል ብለን ተደስተን ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ጀኔሬተሩን አስነሣን፤ አምፑሎቹ በሩ፤ ቬንቲሌተሮቹ ዞሩ። የማቀዝቀዣው ሞተር ሊነሣ ሲሞክር ግን ጀኔሬተሩ አቃስቶ ጠፋ። ደጋግመን ብንሞክርም ያው ኾነ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሞተር ያለው ዕቃ በሚነሣበት ቅጽበት ከተጻፈበት ኀይል ከሦስት እስከ ስድስት እጥፍ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ 150 ዋት ያልነው ማቀዝቀዣ ለጥቂት ጊዜ እስከ 900 ዋት ይፈልጋል፤ የቀሩት ዕቃዎች 355 ዋት ሲጨመሩበት 1,255 ዋት ይኾናል። ከዚህም ሌላ በጐኑ የተጻፈው 1,000 ጀኔሬተሩ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚችለው ከፍተኛው ልክ እንጂ ሳያቋርጥ የሚሰጠው አልነበረም። በዚያ ሌሊት የእናታችንን መድኀኒት በአነስተኛ የሸክላ ዕቃ አድርገን፣ ከውጭ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ አኖርነው። ሱዳኖች ውሃቸውን በዚር የሚያቀዘቅዙት በዚሁ ጥበብ ነው። እስኪነጋ ድረስ እናታችን «ተዉ፣ ተኙ፤ አይበላሽም» ይሉን ነበር፤ የተኛ ግን አልነበረም።

እንግዲህ ገዢው አስቀድሞ ወረቀትና እርሳስ ይያዝ። መብራት ሲጠፋ በእርግጥ የማይቀሩትን ዕቃዎች ብቻ ይጻፍ፤ ዋታቸውን ይደምር፤ ከሞተሮቹም መካከል ትልቁ ሲነሣ የሚፈልገውን ትርፍ ይጨምርበት። ከነጋዴው ፊት ሲቀርብ «ሳያቋርጥ የሚሰጠው ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። በአንዳንዱ ጀኔሬተር ላይ የሚጻፈው ኪሎ ቮልት አምፔር ነው፤ በተለመደው ስሌት በ0.8 ቢባዛ ወደ ኪሎ ዋት ይለወጣል፤ 2.5 የተጻፈበት ወደ 2,000 ዋት ይሰጣል ማለት ነው። ከላይ ለቈጠርነው ቤት ይህ በቂ ነው። አየር ማቀዝቀዣም ይሥራ የሚል ሰው ግን ከእጥፍ የሚበልጥ ያስፈልገዋል።

ከመጠን በላይ ትልቅ መግዛትም ብልኅነት አይደለም። የናፍጣ ሞተር ለረጅም ጊዜ ከዐቅሙ ሢሶ በታች ሲሠራ ነዳጁን በሚገባ አያቃጥልም፤ የጭስ ማውጫውም በጥቀርሻና በዘይት ይበላሻል። በደቂቃ 1,500 ጊዜ የሚዞረው ዐይነት 3,000 ጊዜ ከሚዞረው ይልቅ ጸጥተኛና ዕድሜው ረጅም ሲኾን፣ ዋጋውና ክብደቱ ከፍ ይላል። በካርቱም የሚነሣው ሀቡብ የተባለው የአቧራ ነፋስ ደግሞ የአየር ማጣሪያውን ቶሎ ይደፍነዋልና፣ ማጣሪያ፣ ካንዴላና ሌላው መለዋወጫ በሰፈሩ ገበያ የሚገኝለትን መምረጥ ይገባል። አዲስ አበባ የሚወስደውም ሰው ይህን ይወቅ፤ ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ያህል ብቻ ስትኾን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ያው ሞተር ከኀይሉ አምስተኛውን ያህል ያጣል።

አኹን ከኹሉ ወደሚበልጠው ነገር ደርሰናል። ከጀኔሬተር ጭስ ጋራ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። በካርቱም ቤተሰቡ በሙቀቱ ወራት በግቢው ውስጥ በዐንገረብ ላይ ይተኛል፤ ግንቡም ከፍ ያለ ነው። ሀቡብ ሲመጣ ደግሞ ኹሉም አልጋውን ወደ ቤት ያገባል፤ ጀኔሬተሩም አቧራ እንዳይገባበት ተብሎ ወደ መተላለፊያው ይጐተታል። ሞት የሚገባው በዚያች ሰዓት ነው። ጀኔሬተር ከመስኮትና ከመኝታ ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ የጭስ ማውጫው ወደ ውጭ ዞሮ መቀመጥ አለበት። ነፋሱ ከበረታ መሣሪያውን አጥፍቶ በጨለማ መቀመጥ ይሻላል እንጂ ወደ ቤት ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። እንዲሁም በጀኔሬተሩና በመንግሥቱ መሥመር መካከል አንዱን ሲያገናኝ ሌላውን የሚለይ መቀየሪያ በባለሙያ ይተከል። ያለዚያ ከቤታችን የሚወጣው ኀይል ወደ ጎዳናው ሽቦ ይሄድና፣ መሥመሩን ለመጠገን የወጣውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።

ሚያዝያ 15 ቀን በ2023 በካርቱም የጀመረው ጦርነት ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጥቷል። አነስተኛ የቤንዚን ጀኔሬተር ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ግማሽ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ 500 ዋት የሚወስድ ቤት በስምንት ሰዓት ቢያንስ 2 ሊትር ያቃጥላል ማለት ነው። ነዳጅ በጠፋ ጊዜ ግን ጀኔሬተር ባዶ ብረት ነው። ጦሩ ከተማዪቱን በ2025 መጋቢት መልሶ ከያዘ በኋላ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው በብዙ ሰፈር የኤሌክትሪክ ሽቦው ተነቅሎ፣ ትራንስፎርመሩ ተዘርፎ አግኝቷል። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የመረዌ ማመንጫም በድሮን ተመትቶ በሰፊ አካባቢ መብራት ጠፍቶ ነበር። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ወደ ፀሐይ ኀይልና ወደ ባትሪ ፊቱን መልሷል። ለአምፑል፣ ለስልክ፣ ለቬንቲሌተርና ለአነስተኛ ማቀዝቀዣ ይህ መልካም ነው፤ አቧራውን ከሰሌዳው ላይ በየጊዜው መጥረግ ብቻ አይረሳ። ለትልቅ የውሃ ሞተርና ለአየር ማቀዝቀዣ ግን ብዙ ሰሌዳና ባትሪ ስለሚጠይቅ፣ ዐቅም የሌለው ቤት ጀኔሬተሩን ለእነዚህ ብቻ ቢያቆየው ነዳጁም ይበረክትለታል።

እኛ በመጨረሻ ትንሹን በኪሣራ ሸጠን በልኩ ገዛን። ከርሱም በኋላ ሸክላውን አልጣልነውም፤ ዛሬም በቤታችን አለ። መሣሪያ ይበላሻል፤ ነዳጅም ይጠፋል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዲሉ፣ አንባቢዎቻችን ስሌቱን መብራት ሳለ እንዲሠሩት እንመክራለን። ቸር ይግጠመን።