ደበሎና ጌም

የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ፊደል ያልቆጠረው ወገናችን ሳይቀር ባለታሪኮቹን በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ዘመድ ያወቃቸው ግን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ስለተረካቸው ነው። የዛሬ ደራሲ እንዲህ ያለ ደጋፊ የለውም። መጽሐፉ አዲስ አበባ ይመረቃል፣ ሽፋኑ ፌስቡክ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ወሬው ይጠፋል። ጎጃም ውስጥ አምበር ከተማ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ጌም የሚጫወተው ወጣት እንዲህ ያለ መጽሐፍ መውጣቱን እንኳ አይሰማም።

መፍትሔው እጁ ላይ ካለው ጌም ብዙ አይርቅም። ጌም የሚሠራባቸው ሶፍትዌሮች፣ ለምሳሌ አንሪል ኢንጂን፣ ለመጽሐፍ የአንድ ደቂቃ ትሬለር (ማስተዋወቂያ ፊልም) ለመሥራት ይበቃሉ። ለጀማሪ በነፃ ይገኛሉ። በጌም ፊልም መሥራት ራሱ የቆየ ነገር ነው፤ ኩዌክ የተባለው ጌም ተጫዋቾች በ1996 እ.ኤ.አ. በዚያው ጌም ውስጥ አጭር ፊልም ሠርተው ነበር። በ2025 እ.ኤ.አ. ኦስካር የወሰደው የላትቪያው «ፍሎው» ደግሞ ብሌንደር በተባለ ነፃ የአኒሜሽን ሶፍትዌር የተሠራ ነው።

ለአንድ ደቂቃ ፊልም፣ በሴኮንድ 24 ሲታሰብ፣ 1,440 ምስል ያስፈልጋል። በተለመደው የአኒሜሽን አሠራር ኮምፒውተር አንዷን ምስል ለማውጣት ብዙ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ሰዓታት ይፈጅበታል። ጌም ግን ተጫዋቹን ማስጠበቅ ስለማይችል በሴኮንድ 30 ወይም 60 ምስል እንዲያወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው። ስቱዲዮ የሌለው ደራሲና ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ የያዘ ወጣት ተገናኝተው ሥራውን መጨረስ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከእነዚህ ሶፍትዌሮች ጋር ተዘጋጅቶ የሚገኘው ዕቃ በአብዛኛው የሌላ አገር ነው፤ የድንጋይ ግንብ፣ የብረት ጥሩር፣ የፈረንጅ አገር የጥድ ጫካ። የጎጃሙን የዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሪ ላሳይ የሚል ሰው ተማሪው የሚለብሰውን ደበሎ ከየት ያመጣል? ደበሎ እንደ ካባ አይዘናፈልም፤ የበግ ቆዳ ነው፣ ይከብዳል፣ ጠጉሩ ዝናብ ሲነካው ይጣበቃል። አኩፋዳውም፣ የሣር ክዳኑም፣ የጎጃም ገበሬ በትከሻው አጋድሞ ሁለት እጁን የሚያሳርፍበት ዱላም እንዲሁ ከባዶ መሠራት አለባቸው። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው የክረምት ጉም እንኳ የራሱ መልክ አለው። ያገኙትን ግንብ አቁሞ «የጎጃም ታሪክ» ማለት አንባቢን መዋሸት ነው።

የባለታሪኩን ፊት ደግሞ ባያሳዩ እመርጣለሁ። አንባቢ ሰብለ ወንጌልን በልቡ የሚሥላት ራሱ ነው፤ ኮምፒውተር የፈጠረው ፊት አንዴ ከታየ ከዓይን አይወጣም። መንገዱን፣ ደጁን፣ የሄደውን ሰው ጀርባ አሳይቶ ድምፁን ለጥሩ ተራኪ መተው ይበቃል።

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የባህል ጥናት ተቋም አለው። ቤቱን፣ ልብሱን፣ የቤት ዕቃውን አስለክቶና ከየአቅጣጫው ፎቶ አስነሥቶ በኮምፒውተር ቢያስቀርጽ፣ ማንም ደራሲ በነፃ እንዲወስደውም ቢፈቅድ እመኛለሁ። የኮምፒውተር ተማሪው መሣሪያውን ያውቃል፤ የሥነ ጽሑፍ ተማሪው መጽሐፉን ያውቃል። የመመረቂያ ሥራቸውን አንድ ላይ ይሥሩት፤ ከደበሎው ይጀምሩ።