ግቢያቸው አይነካ፤ ፌርፋክስስ?

ማክሰኞ ነሐሴ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ቡሄ ነበር፤ ጅራፍ የሚጮኽበት ቀን። ያን ዕለት ያጮኸው የሎስ አንጀለስ ምክር ቤት ነው። በባቡርና በፈጣን አውቶቡስ ጣቢያዎች ዙሪያ እስከ ዘጠኝ ፎቅ የሚደርስ አፓርታማ ይፈቀድ የሚለውን የካሊፎርኒያ ግዛት ሴናተር የስኮት ዊነርን ረቂቅ ሕግ፣ ኤስ ቢ 79ን፣ 8 ለ 5 ተቃወመ። የሚወስነው ሳክራሜንቶ ያለው የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪ ስለነበር ድምፁ ከአቋም መግለጫ አላለፈም። ግን ቤት ጠፋ፣ ኪራይ ናረ፣ ሰው ድንኳን ውስጥ አደረ እያለ የሚያለቅሰውም ይኸው ምክር ቤት ነው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይኼ ነው።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ቀጥሎ የምለውን ታውቁታላችሁ፤ ቢሆንም እላለሁ። ከተማው እ.ኤ.አ. እስከ 2029 ከ456 ሺህ በላይ ቤት የሚሠራበትን ቦታ እንዲያዘጋጅ ታዟል። በዲሴምበር 2024 የተስማማበት ዕቅድ ግን፣ ከመኖሪያ መሬቱ 70 በመቶ ያህሉን የያዙትን የአንድ ቤተሰብ ግቢዎች ሳይነካ፣ ፎቁን ወደ ትልልቅ የንግድ መንገዶችና ድሮም አፓርታማ ወደሞላባቸው ሰፈሮች ገፋው።

የንግድ መንገድ ላይ ያለው ማነው? እኛ ነን። ከኦሊምፒክ ወደ ፒኮ ስትወርዱ በፌርፋክስ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች፤ ክትፎው፣ ቡናው፣ ዕጣኑ፣ የሐበሻ ቀሚሱ። ይኸው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰየመን። ሰሌዳ ሰጠን እንጂ ካርታ አልሰጠንም።

ከድምፁ ማግስት ረቡዕ እዚያው ቡና ስጠጣ ወሬው ሁሉ ይኼ ሆነ። ቫሊ ውስጥ ሰፊ ግቢ ያላቸው አንድ ጋሼ፣ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሲዞሩ ቆይተው ገቡና «ፎቅ ከመጣ የሰፈሩ ወግ ጠፋ በሉት» አሉ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ጀበናቸውን እንደያዙ፣ «እርስዎ እኮ የሚመጡት ሲናፍቅዎ ነው። እላዬ ላይ ስልሳ ቤተሰብ ቢኖር ጠዋት ጠዋት እሸጥ ነበር» አሏቸው። ስኒውን ሞልተው አቀረቡላቸውና ቀጠሉ፤ «እኔን የጨነቀኝ፣ ፎቁ ተሠርቶ እስኪያልቅ የት ልቆይ?»

ጋሼ መልስ አልነበራቸውም፤ ሕጉም ብዙ የለውም። አፓርታማ ሲፈርስ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ነዋሪ ወደ አዲሱ ሕንፃ የመመለስ መብት አለው። የሱቅ ተከራይ ይህ የለውም። የንግድ ቤት ኪራይ ላይ ጣሪያ ማበጀትማ በካሊፎርኒያ ሕግ ለከተሞች የተከለከለ ነው። ከጃንዋሪ 2025 የጀመረው ኤስ ቢ 1103 ከአሥር ያነሰ ሠራተኛ ላለውና ውሉ የወር በወር ለሆነ ምግብ ቤት፣ ኪራዩ ከ10 በመቶ በላይ ሲጨመር የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ ያስገኝለታል፤ ያውም ትንሽ መሆኑን አስቀድሞ ለአከራዩ በጽሑፍ ካሳወቀ። ስንቶቻችን ጽፈናል?

እኔ ያኔ ኤስ ቢ 79 ይለፍ ባይ ነበርኩ። ልጆቻችን ከዚህ ከተማ እየወጡ ያሉት በኪራይ ነው። ከምክር ቤቱ ጋር ያለኝ ጠብ ግን ከራሳችን ጋር ካለኝ አይብስም። የአዲስ አበባው ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ለተነሡት ባለሱቆች እዚህ ሆነን አዘንን። በዕቁብ ሠርግ ደግሰናል፣ መኪና ገዝተናል፣ አዲስ አበባ አያት ሰፈር ላለ አፓርታማ ቅድሚያ ከፍለናል። የምንበላበትን ሕንፃ በጋራ እንግዛ ሲባል ግን ሁሉም ሰዓቱን ያያል። ለዚህ ዕቁብ የሚጥል ሰው ካለ ይጻፍልኝ፤ አንድ ዕጣ የኔ ነው። ዳኛ ግን አታድርጉኝ።