ልጄ ወደ አየር ኃይል ልግባ ትለኛለች

ከዓለም ባንክ ሰፈር አንዲት እናት ለዚህ ዓምድ የላኩት ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ የመንገደኛ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ናት። እዚህ ያደረስኳት እንጀራ ጋግሬ እየሸጥሁ ነው። አሁን አረፍሁ ባልሁበት ጊዜ ሥራዬን ትቼ ወደ አየር ኃይል ልግባ ትለኛለች። አውሮፕላን በሰፈራችን ላይ ባለፈ ቁጥር ቀና ብዬ አይ ነበር፤ አሁን ግን ድምፁን ስሰማ ሆዴ ይባባል። ምን ልበላት?»

ውድ እናታችን፣ ፍርሃትዎ የሚያሳፍር አይደለም። ይሁንና እሺ ወይም እምቢ ከማለትዎ በፊት በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ይጠቅማል።

በአገራችን ሁለቱ ሥራዎች ጎረቤታሞች ሆነው ነው ያደጉት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ለጦር ማጓጓዣነት በተሠራ አውሮፕላን ነበር። ሴቶችም ለሰማዩ እንግዳ አይደሉም። ወይዘሮ ሙሉእመቤት እምሩ ከጣልያን ወረራ በፊት መብረር የተማሩ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሲሆኑ፣ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነዋል።

ልጅዎ የተመኘችውን መንገድ ቀድመው የሄዱም አሉ። ስዊድናዊው ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን በ1928 ዓ.ም. በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኞቻችንን አመላልሷል። ቀጥሎ የኔዘርላንድ አየር መንገድ አብራሪ ሆነ። ፊንላንድ በተወረረች ጊዜ፣ በ1940 እ.ኤ.አ.፣ የመንገደኛ አውሮፕላን ቦምብ እንዲጭን ተደርጎ እርሱው አበረረው። ከ1945 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአየር ኃይላችንን አብራሪዎች አሠለጠነ። በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ተመልሶ ለተራበው ሕዝባችን እህል ከአየር ጣለ። በሐምሌ ወር 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በጦርነቱ ሕይወቱ አለፈ። ያው አንድ እጅ ቁስለኛም፣ ቦምብም፣ እህልም አጓጉዟል።

እንግዲህ ዋናው ልዩነት ከአውሮፕላኑ ይልቅ ከትዕዛዙ ላይ ነው። በመንገደኛ አውሮፕላን ከሁሉ የሚቀድመው የተሳፋሪው ደኅንነት ነው። አየሩ ከከፋ ካፒቴኑ አልነሣም ማለት ይችላል፤ ማንም አይወቅሰውም። በጦር አውሮፕላን ግን ግዳጅ አለ፤ አደጋ እያለም ይኬዳል።

ሥልጠናውም እንደገና ተማሪ መሆንን ይጠይቃል። ተዋጊ አውሮፕላን በኃይል ሲታጠፍ የሰው ክብደት እስከ 9 እጥፍ ሊጨምር ይችላል፤ 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት 540 ኪሎ ያህል ይጫናታል። የምትመደበው በማጓጓዣ አውሮፕላን ከሆነ ግን የለመደችው ሙያ፣ ማለትም በደመና ውስጥ በመሣሪያ እየተመሩ መብረርና ከጓደኛ አብራሪ ጋር ሥራን መከፋፈል፣ እጅግ ይጠቅማታል።

እናትነትስ? ቫለንቲና ግሪዞዱቦቫ የሶቪየት ኅብረትን ዓለም አቀፍ የአየር መስመሮች የመራች እናት ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብዛኞቹ ወንዶች የሆኑበትን የአየር ሬጅመንት አዘዘች። አብራሪዎቿ ከጠላት መስመር በስተጀርባ ለሚዋጉ አርበኞች መሣሪያ እያደረሱ፣ ሲመለሱ ቁስለኞችንና ሕፃናትን ይዘው ይመጡ ነበር።

ስለዚህ፣ እናታችን፣ አንድ ቀን ቡና አፍልተው ልጅዎን አጠገብዎ ያስቀምጧትና እነዚህን ይጠይቋት። የምትፈርሚው ውል ስንት ዓመት ያስራል? የምትመደቢው በተዋጊ ነው ወይስ በማጓጓዣ? ትዳር መያዝና መውለድ ስትፈልጊ ደንቡ ምን ይላል? አሁን ባለሽበት መሥሪያ ቤት የቀረብሽ የሥልጠና ዕዳ አለ? በመጨረሻም፣ ልብሽ ያልወደደው ትዕዛዝ ቢመጣ ምን ታደርጊያለሽ?

ለመጨረሻው ጥያቄ ወዲያው መልስ ከሰጠችዎ ገና አላሰበችበትም ማለት ነውና ጊዜ እንድትወስድ ይምከሯት። ዝም ብላ ቆይታ አስባ ከመለሰች ግን ነገሩን አውቃ ገብታበታለች። ያን ጊዜ ባይወዱትም እንኳ አይከልክሏት። እንጀራ ጋግረው ያስተማሯት በራሷ አእምሮ እንድትወስን ነው። ፍርሃትዎን አይደብቋት፤ ምርቃትዎን ግን አይንፈጓት።