የሽሪምፕ ኩሬና የጎረቤት ማሳ

ሽሪምፕ በአገራችን ገበሬ ዘንድ ብዙም አይታወቅም። ቅርፊት የለበሰ ትንሽ የውኃ እንስሳ ሲሆን በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ገበያ በጥሩ ዋጋ ይሸጣል። አገራችን የባሕር ጠረፍ ስለሌላት ይህን የምንጽፈው እርባታውን ለማስተማር አይደለም። አንድ ሰው በራሱ መሬት ላይ የሚያካሂደው ትርፋማ ሥራ የጎረቤቱን ማሳ እንዴት ሊያጠፋ እንደሚችል ከዚህ ይበልጥ ግልጽ የሚያደርግ ምሳሌ ስላላገኘን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የባንግላዴሽ ደቡብ ምዕራብ፣ በተለይም የኩልናና የሳትኪራ አካባቢ፣ የወንዝና የባሕር ውኃ የሚቀላቀልበት ዝቅተኛ መሬት ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ጨዋማው ውኃ ወደ ሩዝ ማሳ እንዳይገባ ሰፋፊ መሬቶች በአፈር ግድብ ተከበቡ፤ እነዚህም ፖልደር ይባላሉ። በ1980ዎቹ የሽሪምፕ ገበያ ሲደራ ግን ባለሀብቶች ግድቡን እየቀደዱ ወይም በሥሩ ቱቦ እየቀበሩ ያንኑ ውኃ መልሰው አስገቡት።

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንመልከት። በፖልደር ውስጥ የአንዱ ማሳ ከሌላው የሚለየው በዝቅተኛ የአፈር ድንበር ብቻ ነው። ሰፊ መሬት ያለው ሰው ጨዋማ ውኃ ሲያስገባ፣ ውኃው በአፈሩ ውስጥ እየሰረገ ጥቂት መሬት ወዳለው ጎረቤቱ ያልፋል። የሩዝ ቡቃያ ደግሞ ጨው አይችልም። ጎረቤትየው ሰብሉ ሲጠፋበት የሚቀረው አማራጭ መሬቱን ለዚያው ለባለኩሬው ማከራየት ይሆናል። በውሉ ላይ «ወዶና ፈቅዶ አከራየ» ተብሎ ይጻፋል፤ እኛ ግን ይህን ፈቃድ አንለውም።

ሩዝ የሚተክል፣ የሚያርምና የሚያጭድ ብዙ ሰው ይፈልጋል፤ ለኩሬ ግን ጥቂት ዘበኞች ይበቁታል። ስለዚህ መሬት የሌለው የቀን ሠራተኛ ሥራውን አጣ። ገለባና ግጦሽ ሲጠፋ ከብቱ ቀነሰ፤ ከከብቱ ጋር ለማገዶ የሚሆነው ኩበትም ቀረ። የመጠጥ ውኃው ጨዋማ ስለሆነ ሴቶች ከሩቅ ለመቅዳት ተገደዱ። በባለኩሬው የሒሳብ መዝገብ ላይ ከዚህ ሁሉ አንዱም በወጪ በኩል አይገኝም።

በኩልና የፖልደር 22 ነዋሪዎች ጨዋማ ውኃ አናስገባም ብለው ተነሡ። ኖቬምበር 7 ቀን 1990 ሰልፉን ይመሩ የነበሩት ወይዘሮ ካሩናሞዪ ሳርዳር ተገደሉ። ፖልደሩ ግን የሩዝ መሬት ሆኖ ቀረ። በህንድም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 1996 በተከለለው የባሕር ዳርቻ የተሠሩ የሽሪምፕ ኩሬዎች እንዲፈርሱ፣ ለተጎዱትም ካሳ እንዲከፈል ወሰነ፤ ሆኖም በ2005 የወጣው ሕግ እርባታው በምዝገባ እንዲቀጥል ፈቀደ።

በኢኳዶርና በታይላንድ ለኩሬ ሲባል ስለተመነጠረው፣ የዓሣ ጫጩት መጠለያና የማዕበል መከላከያ ስለሆነው የማንግሮቭ ደን ብዙ ስለተጻፈ አንደግመውም። ትርፉም ቢሆን አስተማማኝ አይደለም። በታይዋን እርባታው በ1987 ጫፍ ደርሶ በማግስቱ ዓመት በበሽታ ወድቋል።

እርባታውን በጅምላ አንኮንንም። በህንድ በኬረላ ፖካሊ የተባለው ጨው የሚችል ሩዝ በዝናብ ወራት ይዘራል፤ ዝናቡ ጨዉን ያጥበዋል፤ ሩዙ ከታጨደ በኋላ እስከ ኤፕሪል ድረስ በዚያው ማሳ ላይ ሽሪምፕ ይረባል። ፍርድ ቤቱም ባህላዊ አሠራሮችን ከማፍረስ ትእዛዙ ነፃ አድርጓል። እዚህ ውኃው የሚገባበትንና የሚወጣበትን ወቅት መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል።

በአዋሽ ሸለቆ፣ በአሚባራ፣ በቂ ማንጣፈፊያ ሳይኖር በመስኖ ብዛት የከርሰ ምድር ውኃ ከፍ ብሎ በጨው የተበላሸውን የጥጥ መሬት ያየ ባለሙያ የምንለው አይጠፋውም። እንግዲህ ማኅበር ወይም ባለሀብት የኩሬ ወይም የመስኖ ዕቅድ ሲያቀርብላችሁ፣ የትርፉን ሰንጠረዥ ከመመልከታችሁ በፊት ውኃው በየት እንደሚወጣ ጠይቁ። ከመውጫው በታች የሚያርሱት ሰዎች በስብሰባው ላይ ይገኙ። ሳይጠሩ ቀርተው እንደሆነ ዕቅዱን አትፈርሙ።