የማን ልደት ነው?

ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ ልደት ላይ አራት ሳጥን ቢራ ምን ይሠራል? ይህን የምጠይቀው ቢራ ስለምጠላ አይደለም፤ ስሌቱ አልገባ ብሎኝ ነው። ባለልደቷ አትጠጣም። ከመዋዕለ ሕጻናት የተጠሩት ጓደኞቿም አይጠጡም። ቢራው ግን አለ። ክትፎው አለ። ዲጄው አለ። ቪዲዮ ቀራጩ አለ። የአባትየው መሥሪያ ቤት በሙሉ አለ። ልጆቹስ? ልጆቹማ ጓዳ ገብተው ቴሌቪዥን ተከፍቶላቸዋል፤ «እዚህ ሁኑ፣ ሰው መሃል እንዳትሯሯጡ» ተብለዋል።

ልብ በሉልኝ፤ «ሰው መሃል»! በልጅ ልደት ላይ ሰው የተባሉት ትልልቆቹ ብቻ ናቸው ማለት ነው።

የአዲስ አበባ የልጆች ልደት እንዴት እንደሚውል ሁላችንም እናውቀዋለን። ጥሪው «እሁድ ስምንት ሰዓት» ይላል። በስምንት ሰዓት የሚመጣ የለም፤ ቢመጣም ባለቤቶቹ ራሳቸው ይደነግጣሉ። ልጅቷ ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምራ ዝግጁ ናት። ጸጉሯ ተሠርቶ ጭንቅላቷን ወጥሮ ይዟታል። የሚያሳክክ ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። «እንዳትቀመጪ ይጨማደዳል! ጭማቂ እንዳትጠጪ ይፈስብሻል! ኬኩን እንዳትነኪ!» ይሏታል። ኬኩ ባለ ሦስት ፎቅ ነው፤ ከጠረጴዛው ጋር ሲደመር እሷን ይበልጣል። አሥር ሰዓት ይሆናል፤ ክርስትና እናቷ ይጠበቃሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ይሆናል፤ የአባትየው አለቃ «መንገድ ላይ ነኝ» ብለዋልና እሳቸውም ይጠበቃሉ። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሰው ተሟልቶ «በሉ ይቆረስ» ሲባል ባለልደቷ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ትቀሰቀሳለች። ታለቅሳለች። «ሳቂ እንጂ፣ ፎቶ ነው!» ትባላለች። ሻማውን አባቷ እፍ ይልላታል፤ እናቷ እጇን ከቢላዋው ጋር ይዛ ታስቆርሳታለች። ጭብጨባ! እልልታ! ዋሽንግተን ያለችው አክስቷ በስልክ እያየች እንባዋን ትጠርጋለች። ከዚያ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ እስክስታው ይጀመራል፣ ልጅቷም ወደ ሶፋዋ ትመለሳለች።

በማግስቱ «እንዴት ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የታወቀ ነው፤ «ኧረ በጣም ያማረ ነበር! ያልመጣ ሰው የለም!»

የኔ ጠብ ከዚህ መልስ ጋር ነው። ድግስ አማረ የሚባለው የተደገሰለት ሰው ሲደሰት ነው። ሠርግ ላይ ሙሽሪት ስታለቅስ ውላ ሶፋ ላይ ተኝታ ብትገኝ «ያማረ ሠርግ ነበር» የሚል ሰው ይኖራል? ሽማግሌ ነበር የሚጠራው! ልጅ ሲሆን ጊዜ ግን ማንም ግድ የለውም።

እዚህ ላይ አንዱ ወገን ብድግ ብሎ «ድሮውንስ ልደት የኛ አይደለም፣ ከፈረንጅ የተቀዳ ነው፣ ይቅር!» ይላል። በዚህ ደግሞ አልስማማም። እውነት ነው፤ ብዙዎቹ አያቶቻችን የተወለዱበትን ቀን በትክክል አያውቁትም። «በጣልያን ጊዜ ነፍስ አላወቅሁም ነበር» እያሉ ነው ዕድሜያቸውን የሚያሰሉት። የልጅ መምጣት የሚከበረው በአራስ ቤቱ ገንፎ ነበር። ከዚያ በክርስቲያኑ ቤት ለወንድ በአርባ፣ ለሴት በሰማንያ ቀን በክርስትናው፣ በሙስሊሙ ቤት በአቂቃው ይከበር ነበር። በየዓመቱ በአገር ደረጃ የሚከበረው የሰው ልደት ሐምሌ 16 የሚውለው የጃንሆይ ልደት ነበር፤ እሱም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ሲወርዱ አብሯቸው ወረደ።

ግን መወለድን ማክበር ለኛ እንግዳ ነገር ነው ያለው ማነው? ገና ራሱ ልደት ነው። ግንቦት 1 ቀን ልደታንስ? ጎረቤት ተጠራርቶ ደጅ ይወጣል፤ ዛፍ ሥር ወይም አጥር ጥግ ይሰበሰባል። ንፍሮው፣ ዳቦው፣ ቡናው እዚያው ነው። የሰፈሩ ልጅ የጥሪ ካርድ ሳይጠብቅ ንፍሮውን በእፍኙ ይዞ ሲሯሯጥ ያመሻል። «ሰው መሃል እንዳትሯሯጥ» የሚለው የለም። ከዚህ የተሻለ የልጆች ድግስ ከየት ይመጣል?

ያ በየልደቱ በእንግሊዝኛ የምናንቧርቀው ዜማ እንኳን መነሻው ለልጆች ነበር። በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት ፓቲ ሂልና ሚልድረድ ሂል የሚባሉ እህትማማቾች በፈረንጆች 1893 ያሳተሙት የጠዋት ሰላምታ ዜማ ነው። ፓቲ የመዋዕለ ሕጻናት መምህርት ነበረች፤ ትንንሾቹ በቀላሉ እንዲዘምሩት ተብሎ ነው የተሠራው። የልደቱ ቃላት በኋላ ነው የገቡበት። ከዚያ ዜማው የኩባንያ ንብረት ነው ተባለና በፊልም ላይ ለማሰማት የሚፈልግ ሁሉ ለዓመታት ሲከፍልበት ኖረ። የአሜሪካ ፍርድ ቤት «ኩባንያው በቃላቱ ላይ መብት የለውም» ያለው በ2015 ነው። ለሕጻናት የተሠራ ነገር አዋቂ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አንድ ክፍል ውስጥ አርባ ልጅ አለ እንበል። ሁሉም ቢደግስና ሁሉም ቢጠራ አንድ ወላጅ በዓመት ሠላሳ ዘጠኝ ስጦታ ይገዛል። ትምህርት የሚኖርባቸው ሳምንታት አርባ ገደማ ናቸው፤ እንግዲህ በየሳምንቱ ማለት ነው። በዚህ ላይ «እነሱ ለኛ ይህን ሰጥተው ነበር» የሚባል የብድር መዝገብ አለ። የጎረቤት ልጅ አሻንጉሊት ይዞ ሲመጣ አሻንጉሊቱ ዋጋው በዓይን ይመዘናል። ልጆቻችን ሳያውቁት ዕቁብ ውስጥ ገብተዋል።

የባሰው ደግሞ በትምህርት ቤት በኩል ያለው ነው። ኬክ ወደ ክፍል ይላካል፤ ከኬኩ ጋር ከረሜላና እርሳስ የተሞላች ከረጢት ለእያንዳንዱ ልጅ ትታደላለች። አንዲት የማውቃት እናት እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው ልጇን የምታስተምር። ልጁ «የኔስ ልደት መቼ ነው?» እያለ አላስቀምጣት ሲላት ዕቁብ የደረሰውን ሰው ለምና ዕጣ ተቀየረችና ኬኩን ገዛች። ለወሩ የትምህርት ቤት ክፍያ ያሰበችው ገንዘብ ነበር። ልጁ ማታ ሲመለስ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «የሌላው ልጅ ኬክ ላይ ስፓይደርማን ነበረበት»።

በልጁ አትፍረዱ። እሱ የሚያየውን ነው የሚናገረው። ይልቅስ ከአምስት ዓመት ልጅ ፊት ኬክና ኬክ እንዲወዳደር የፈቀደው ማነው? ፊደል ቆጥሮ ሳይጨርስ የቤተሰቡን ደረጃ ቆጥሮ እንዲጨርስ ያደረግነው እኛ ነን። የማይደግሱለት ልጅ ደግሞ አለ፤ በሌላው ልደት ቀን ሆዴን አመመኝ ብሎ የሚቀር። ሆዱን አይደለም ያመመው።

መፍትሔው ያን ያህል ከባድ ሆኖ ነው? ትምህርት ቤቶች በወር አንድ ቀን ይምረጡ። የመስከረም ልጆች በአንድ ቀን፣ የጥቅምት ልጆች በአንድ ቀን ይከበርላቸው። ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜን ትምህርት ስለሌለ የነሱ ልጆች ሰኔ ላይ ይደረቡ። በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣው የጳጉሜን 6 ልጅም እንኳ በዚህ መንገድ በየዓመቱ ልደት ታገኛለች! ለሁሉም አንድ ድፎ ዳቦ ይቆረስ፤ ወጪውን ትምህርት ቤቱ ይቻለው ወይም ሁሉም ወላጅ እኩል ያዋጣ። ከረጢት የለ፣ ስፓይደርማን የለ።

ቤት ውስጥ ልደግስ ለሚለው ደግሞ «አትደግስ» አልልም። ለልጁ ይደግስለት ነው የምለው። ለልጅ መደገስ የራሱ ብልሃት አለው።

አንደኛ፣ የጥሪው ቁጥር። ብዙ አስተማሪዎችና ወላጆች የሚጠቀሙበት ቀላል ልክ አለ፤ በልጁ ዕድሜ ልክ፣ ቢበዛ አንድ ሁለት ጨምሮ መጥራት። የአራት ዓመት ልጅ አራት አምስት ጓደኛ ይበቃዋል። ሠላሳ ልጅ የተሰበሰበበት ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ የሚያደርገው ነገር ቢኖር የእናቱን ቀሚስ መያዝ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱ። ጠዋት አራት ሰዓት ተጀምሮ ስድስት ሰዓት ይለቅ። ሁለት ሰዓት ለትንሽ ልጅ ብዙ ነው። የመጣ በሰዓቱ ይብላ፤ ያልመጣ ዘመድ ከሰዓት ቡና ይጠጣ። «አለቃዬ ሳይመጡ እንዴት ይቆረሳል?» የሚል ካለ ኬኩን ቢሮ ይውሰድላቸው።

ሦስተኛ፣ ምግቡ። ከልጅዎ ክፍል የሚመጡት ልጆች የሚጾሙም የማይጾሙም፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም ናቸው። የአንዱን እርድ ሌላው እንደማይበላው እያወቅን ሥጋ ደርድረን «አንተ ይህን አትንካ፣ አንቺ ወዲህ ነይ» ማለት ምን አመጣው? ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ በዘይት የተሠራ የጾም ኬክ ቢሆን ሁሉም ከአንድ ሳህን ያነሳል። ልጆቹን ለይቶ ማስቀመጥም ይቀራል።

አራተኛ፣ ፈንዲሻና ፊኛ። ይህ ቀልድ የለበትም። የሕጻናት ሐኪሞች ከአራት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ፈንዲሻና ሙሉ ኦቾሎኒ እንዳይሰጥ ይመክራሉ፤ ጉሮሮ አልፎ መተንፈሻ ይዘጋል። እኛ ደግሞ ፈንዲሻውን ወለል ላይ እንበትነዋለን፤ የሚድኸው ልጅ እየለቀመ ይውጣል። ፊኛም ያው ነው። የአሜሪካ ሕግ የፊኛ ማሸጊያ ላይ ከስምንት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሊታነቁበት ይችላሉ የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ስለዚህ የፈነዳውን ቁራጭ ወዲያው ልቀሙት። ቪዲዮ ቀራጭ ከመቅጠር አንድ ዓይኑን ከልጆቹ የማይነቅል አዋቂ መመደብ ይሻላል።

አምስተኛ፣ ጨዋታው። ሰኞ ማክሰኞ፣ ድብብቆሽ፣ አባሮሽ፣ ገመድ ዝላይ ሳንቲም አይጠይቁም። የኮንዶሚኒየሙ ግቢ አለ። አንድ ኖራ ወይም ከሰል ካለ ሰኞ ማክሰኞ ይሰመራል። ማታ ላይ ልጁ ሲነጫነጭ «ስኳር በዛበት» እንላለን። በ1995 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ የብዙ ጥናቶች ክለሳ ግን ስኳር የልጆችን ጠባይ ሲለውጥ አላገኘም። ስኳሩ ጥርስ ቢጎዳም ለጠባዩ ተጠያቂ እሱ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሲጠብቅ የዋለ፣ ጆሮው ሥር ድምፅ ማጉያ የተተከለበት፣ በእንቅልፍ ሰዓቱ የተቀሰቀሰ ልጅ ቢነጫነጭ ምን ይገርማል? እኛም ብንሆን እንነጫነጫለን።

አውቃለሁ፤ ሰበብ አይጠፋም። «እኛ ያላየነውን ልጆቻችን ይዩት» ይባላል። መልካም፤ ግን የሚያዩት ምኑን ነው? የአባታቸውን ጓደኞች ጀርባ? «ዘመድ ይቀየማል» ይባላል። ዘመድ መጋበዝ ከፈለጋችሁ ጋብዙ፤ ክትፎውን በሌላ ቀን በራሳችሁ ስም አብሉ፤ ልጁን የጥሪ ወረቀት አታድርጉት። «አንዴ ነው፣ ትዝታ ይሆናታል» ይባላል። የሦስት ዓመት ልደቱን የሚያስታውስ ከእናንተ መሃል ስንት ሰው አለ? ትዝታው የሚቀረው ፎቶው ላይ ነው፤ ፎቶው ላይ ደግሞ ያለቀሰች ልጅና የሳቁ አዋቂዎች አሉ። አድጋ ስታየው ምን ብላችሁ ልታስረዷት ነው?

እንግዲህ ለመጪው ልደት ሂሳብ የምትጀምሩ ወላጆች፣ ዲጄውን ከመቅጠራችሁ በፊት ልጁን ቁጭ አድርጋችሁ «ማንን ልጥራልህ?» በሉት። ሦስት ስም ይነግራችኋል። አንዱ ምናልባት የጥበቃው ልጅ ይሆናል፤ አንዷ የጎረቤት ሠራተኛ ልጅ ትሆናለች። በናንተ ዝርዝር ውስጥ ስማቸው የለም። ዝርዝሩን ከነሱ ጀምሩ፤ ቦታ ከተረፈ አለቃውን አስቡበት።