በፈቃዱ ላይ የማይጻፉት ደቦሎች

ዚምባብዌ፣ ሁዋንጌ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይኖር የነበረው ሴሲል ጎፈሩ ዳር ዳሩን የጠቆረ፣ ሰውና መኪና የለመደ የ13 ዓመት አንበሳ ነበር። በሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. ከፓርኩ ወሰን ወጣ እንዳለ አንድ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በቀስት ወጋው፤ ቆስሎ ለሰዓታት ከቆየ በኋላ ተገደለ። ለአደኑ 50 ሺህ ዶላር ገደማ እንደተከፈለ ተዘግቧል። አንበሳ ገዳይ ጎፈር ደፍቶ ሲፎክር ለኖረበት አገር ሰው የግዳይ ኩራት እንግዳ አይደለም፤ የዛሬው ፎካሪ ግን ሁሉን ነገር፣ አጃቢውንም ጭምር፣ በገንዘብ ነው የሚገዛው።

ዓለም ለሴሲል አለቀሰ። የሚያስጨንቀው ቁጥር ግን ከዚያ በፊት ታውቆ ነበር። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1999 እስከ 2004 በፓርኩ ምልክት ካደረጉባቸው 62 አንበሶች 34ቱ ሲሞቱ፣ 24ቱ የስፖርት አዳኞች ግዳይ ነበሩ።

የወንድ አንበሳ ቦታ ባዶ አይቀርም። ባላንጣው መንጋውን ሲወርስ የሟቹን ደቦሎች ይገድላል፤ እናቶቹ ማጥባት ሲያቆሙ ቶሎ ለስሪያ ይደርሱለታልና። ከፓርኩ መሀልም ሌላ ወንድ ወደተለቀቀው ቦታ፣ ማለትም ወደ አዳኙ አፈሙዝ፣ ይሳባል። የአደን ፈቃዱ ላይ የሚሰፍረው ግን «አንድ ወንድ» ብቻ ነው። የሴሲልን ደቦሎች አጋሩ ጄሪኮ ሲጠብቃቸው ታይቷል፤ አጋር የሌለው አንበሳ ሲወድቅ ግን ደቦሎቹን የሚያስጥል የለም።

የአደን ደጋፊዎች ገቢው ከቀረ መሬቱ ለከብት ግጦሽ ይውላል ይላሉ። ሐሰት አይደለም። ኬንያ አደንን በ1977 ብትከለክልም ከብቱ የተበላበት አርብቶ አደር ሥጋ መርዞ አንበሳ ሲገድል ኖሯል። ታንዛኒያ ላይ የተሠራ ጥናትም ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶች ብቻ ቢታደኑ ጉዳቱ አነስተኛ እንደሚሆን አሳይቷል። የአንበሳ ዕድሜ ከአፍንጫው ይነበባል፦ ደቦል ሳለ ሮዝ የነበረው ነጠብጣብ እያወጣ ይጠቁራል፤ አምስት ዓመት ሲሞላው ግማሽ ያህሉ ጥቁር ነው። አፍንጫ በመነጽር አይቶ መለየት የማይችል አዳኝ ፈቃድ ሊሰጠው አይገባም።

ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ፓርኩን የሚያዋስነው መሬት፣ ቢያንስ አምስት ኪሎ ሜትር ያህሉ፣ ከአደን ነጻ መሆን አለበት። የሴሲል ልጅ ዛንዳ በ2017 ከወሰኑ ውጭ ሲገደል ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ዕድሜው ለአደን ደርሷል፣ ሕግም አልተጣሰም። የአደኑ መሪ ከዛንዳ አንገት ላይ የመከታተያውን ማሰሪያ ፈትቶ ለተመራማሪዎቹ መለሰላቸው።