ባዶ ሜሞሪ የጤና ምልክት አይደለም

“ስልኬ ተንቀራፈፈ” ለሚል ሰው ቶሎ የሚታዘዝለት መድኃኒት የራም ማጽጃ አፕሊኬሽን ነው። ቁልፉን ሲነካው ይህን ያህል ሜጋባይት ተለቀቀ ይለዋል፤ ባለ ስልኩም እፎይ ይላል። ለእርሱ አልፈርድም። የሚያሳዝነኝ ሰርቨር የሚያስተዳድር ባለሙያ ያንኑ ሲያደርግ ነው፤ የሊኑክስን ካሽ በየሰዓቱ የሚያራግፍ ትእዛዝ አስይዞ ሥራዬን ሠራሁ ብሎ ይተኛል። ሁለቱን የሚያሳስታቸው አንድ እምነት ነው፤ ሜሞሪ ባዶ በሆነ ቁጥር ማሽኑ ጤነኛ ነው የሚል።

ባዶ የተቀመጠ ራም ገንዘብ ወጥቶበት ሥራ የፈታ ራም ነው። ሊኑክስ ከዲስክ ያነበበውን ፋይል ማንም ባልያዘው ሜሞሪ ላይ ያቆየዋል፤ ካሽ የሚባለው ይህ ነው፤ ፋይሉ ዳግም ሲፈለግ ዲስክ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ሌላ ፕሮግራም ቦታ ከጠየቀ ደግሞ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል አብዛኛውን ወዲያው ይለቅለታል። ወጥ የምትሠራ ሴት በርበሬውንና ዘይቱን እጇ አጠገብ ታደርጋለች። መደቡ ሞላ እያለ በየሰዓቱ ሁሉን ወደ ጓዳ የሚመልስባት ሰው ሥራዋን ያጓትታል እንጂ አያግዛትም።

የሜሞሪ አጠቃቀምን የሚያሳየው ‹ፍሪ› የተባለው ትእዛዝ ለዓመታት ሰውን ማደናገሩ እውነት ነው። 16 ጊጋባይት ባለው ማሽን ላይ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ብቻ ባዶ እንደቀረ ሲያሳይ ማን አይደነግጥም? ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ከርነል 3.14 ያለ ችግር ሊገኝ የሚችለውን ሜሞሪ ገምቶ የሚናገር ቁጥር ጨመረ፤ ‹ፍሪ›ም በዚያው ዓመት ለብቻው ዓምድ ሰጠው። ታዲያ ዛሬም የማስጠንቀቂያ ደወላቸውን ባዶው ቁጥር ላይ የሚያስሩ ሰዎች ምን ምክንያት አላቸው? ካሽ ማራገፊያው ከ2006 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ አለ፤ የከርነሉ መመሪያ ራሱ ግን ከሙከራና ከስሕተት ፍለጋ ውጪ እንዲጠቀሙበት አይመክርም።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ሌላ ነው። ካሽ ማራገፍ የሚነካው ከርነሉ ሲቸግረው ራሱ የሚለቀውን ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ወስዶ ያልመለሰው፣ ማለትም በእርግጥ የሚያፈሰው ሜሞሪ፣ ባለበት ይቀራል። ከዚያ “ሌሊት ሌሊት ሪስታርት ይደረግ” ይባላል። ደንበኛ እንዳይጉላላ ለአንድ ሳምንት ይሁን። ዓመት ሲሞላው ግን በሽታው የሚታወቅበትን ማስረጃ ሁሉ በየሌሊቱ እየደመሰስን ነው። ‹ቫልግሪንድ› ከ2002 ጀምሮ በነፃ ይገኛል፤ ሳይለቀቅ የቀረው ሜሞሪ በየትኛው የኮድ መስመር እንደተወሰደ ይነግራል። ፕሮግራሙን ከ10 እጥፍ በላይ ሊያዘገየው ስለሚችል በሙከራ ማሽን ላይ ይሂድ። እርሱም ከከበደ ‹አድረስ ሳኒታይዘር› አለ፤ ኮዱን ከእርሱ ጋር ማጠናቀር ይጠይቃል እንጂ የሚያዘገየው ወደ 2 እጥፍ ገደማ ነው። ጊዜ የለንም የሚል ቡድን ሌሊት የሚነሣበትን ጊዜ ከየት እንዳገኘው ይንገረኝ።

ስንት ሞላ ከማለት ይልቅ ማን እየጠበቀ ነው ብለን እንጠይቅ። ‹ቪኤምስታት› ወደ ስዋፕ፣ ማለትም ሜሞሪ ሲጠብ ወደሚያግዘው የዲስክ ቦታ፣ የሚወጣውንና ከስዋፕ የሚመለሰውን ያሳያል፤ ሁለቱ ያለማቋረጥ ሲንቀሳቀሱ ያኔ እንስጋ። በ2018 መጨረሻ የወጣው ከርነል 4.20 ደግሞ ሥራዎች ሜሞሪ በማጣት የቆሙበትን ጊዜ በመቶኛ ይለካል። አንድሮይድም ቢሆን አፕ መቼ መዝጋት እንዳለበት የሚወስነው ይህን ጫና አይቶ ነው። ማጽጃው ቀድሞ የዘጋው አፕ ዳግም ሲከፈት ከዜሮ ይነሣል፤ ባትሪም ጊዜም ይበላል። አንድሮይድ 14 አንድ አፕ የሌሎችን የጀርባ ሥራ እንዳይዘጋ አግዷል።

ራም ለእኛ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው። የግዢ ጥያቄ ሲቀርብ ፈራሚው የሥራ ኃላፊ ጠያቂዎቹ የስዋፕ እንቅስቃሴውንና የጫናውን መቶኛ አብረው እንዲያያይዙ ይጠይቅ፤ እስኪያያይዙ ድረስ ፊርማው ይቆይ።